ውሃው እስከ ጉልበት ነበር

ሳልቶ ቨርዴ፣ ብራዚል
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1972

ለተከበሩ ወይዘሪት አዴሊያ ሮልፊንግ
ኖይ ብራክል፣ ኢሊኖይ

የማያውቁት ሰው ደብዳቤ ሲደርስዎ እንዳይደነግጡ ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልዎ፤ የቀን ጉርስዎንም አያጓድልብዎ።

ስሜ ኤርቪኖ ሮልፊንግ ይባላል። ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ነው። እስካለፈው ዓመት ድረስ የጀልባ ሞተር እጠግን ነበር። አሁን ልጄ ይጠግናል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ «አበላሸኸው» እለዋለሁ። የምጽፍልዎ አያቶቻችን ይናገሩት በነበረው ጀርመንኛ ነው። እዚህ እኛ ጋ ብዙ የፖርቱጋል ቃል ገብቶበታልና ግር የሚልዎ ነገር ካለ ይለፉት።

የእኔ ቅድመ አያት ኮንራድና የእርስዎ ቅድመ አያት ሃይንሪሽ የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከጀርመን አገር መጥተው ሚሲሲፒ ዳር እናንተ ያላችሁበትን መንደር ካቀኑት ሰዎች መካከል ናቸው። ኋላ ተጣሉ። ኮንራድ ሚስቱን ዶሮቴያን ይዞ ወደ ብራዚል ተሻገረ፤ እኛም ከዚያ ወዲህ የዚህ አገር ሰዎች ሆንን። ደግሞ ይግረምዎና እኛም ወንዝ ዳር ነው ያለነው። ይህ ዘር ደረቅ መሬት አይወድም መሰለኝ።

አድራሻዎን የሰጡኝ የቤተ ክርስቲያናችሁ ፓስተር ናቸው። «ሁለት ሮልፊንጎች ቀርተዋል፤ እህትና ወንድም። ወንድምየው ደብዳቤ አይመልስም፤ እህትየዋ ግን ደስ ካላት ትመልሳለች» ብለው ጻፉልኝ። ደስ ይበልዎ እንጂ።

የምለምንዎ ይህን ነው። በመጪው ጁላይ እዚህ ያለነው ሮልፊንጎች በሙሉ እንሰበሰባለን። ለልጆቹ የማሳያቸው ነገር እፈልጋለሁ። ወንድማማቾቹ የሠሩት ቤት ካለ አንድ ፎቶ፣ የወላጆቻቸው ስም የሚታወቅ ከሆነም ስማቸውን ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ከአክብሮት ጋር፣ ዘመድዎ
ኤርቪኖ


ኖይ ብራክል
ኖቬምበር 20 ቀን 1972

ለአቶ ኤርቪኖ ሮልፊንግ

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው ስላልቸኮልኩ ነው።

ጀርመንኛዎ ይነበባል። እዚህ ከእኔና ከወንድሜ ከአልቪን ሌላ የሚናገረው ከአምስት ሰው አይበልጥም። አልቪንም የሚናገረው ሊሰድበኝ ሲፈልግ ብቻ ነው።

ስለ ጠቡ አልጠየቁኝም፤ ቢሆንም እኛ ጋ የሚባለውን ልንገርዎ። ኮንራድ ሰነፍ ነበር፤ የወንዝ ሥራ ከበደውና ሸሸ ይባላል። ቅር አይበልዎ፤ ያልኩት እኔ አይደለሁም።

የመንደራችን ታሪክ አጭር ነው። መጀመሪያ ለመርከቦቹ ማገዶ ይሸጥ ነበር። መርከቦቹ ቀሩ። ከዚያ ከወንዙ ሥር ዛጎል እያወጣ የሸሚዝ ቁልፍ ይፈለፍል ጀመር፤ በአባቴ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ደረቱን የሚዘጋው በእኛ ቁልፍ ነው ይባል ነበር። ዛጎሉ አለቀ፤ ላዩ ላይ ደግሞ ፕላስቲክ መጣበት። ባቡሩን ተስፋ አደረግን፤ ባቡሩ ወዲያ ማዶ አለፈ። አሁን ሰማንያ የማንሞላ ሰዎች ነን። ይሁንና ማንም የተረሳን ነን ሲል ሰምቼ አላውቅም። የሚሉን ከውጭ የሚመጡት ናቸው።

ቤቱ አለ። ከድሮው የመርከብ ማረፊያ ፊት ለፊት ነው የቆመው፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። እኔ ነኝ ያለሁበት። በሱቁ በር የግራ መቃን ላይ ሃይንሪሽ በጋለ ብረት ያተመው መስመር አለ፤ ከሥሩ 1844 ይላል። ታላቁ ውሃ በመጣ ጊዜ በራፉ ላይ ቆሞ፣ ውሃው ጉልበቱ ድረስ ደርሶ፣ እዚያው ያተመው ነው። ከዚያ ወዲህ ያን የሚያህል ውሃ መጥቶ አያውቅም።

ጸደይ ገብቶ ወንዙ ማበጥ ሲጀምር ወንዶቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ሱቄ ይመጣሉ። ጎንበስ ብለው መስመሩን በመዳፋቸው ይነካሉ፤ «ገና ነው» ይላሉ፤ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። አባቶቻቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከመቃኑ በላይ የሚታመን ምስክር የለንም። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት መሐንዲስ ከአውራጃው መጥቶ «ከዚህ ተነሡ፤ ኮረብታው ላይ ቦታ ይሰጣችኋል» ቢለን አልቪን እጁን ይዞ ወደ መቃኑ ወሰደውና «ልጄ፣ እስቲ ጎንበስ በል» አለው። ልጁ መስመሩን አይቶ ወረቀቱን ሰብስቦ ወደ መጣበት ተመለሰ።

ስለዚህ ወንዙ ሲሞላ የምናደርገው የታወቀ ነው። ዕቃውን ሁሉ ከጠረጴዛ ከፍታ በላይ እንሰቅላለን፣ ምንጣፉን እንጠቀልላለን፣ ፎቅ ወጥተን ካርታ እንጫወታለን። ውሃው ይሰለቸውና ይሄዳል።

የወላጆቻቸውን ስም ፓስተሩ ከመዝገብ ያወጣሉ። ፎቶውን አሁን አልልክም፤ የቤቱ ቀለም ተልጧል። በጸደይ ከተቀባ በኋላ ይደርስዎታል።

አዴሊያ ሮልፊንግ


ሳልቶ ቨርዴ
ጃንዋሪ 8 ቀን 1973

ውድ አዴሊያ፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የዕረፍት ይሁንልዎ፤ ለወንድምዎ ለአልቪንም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ በጀርመንኛ ቢሰድበኝም አልቀየምም።

ኮንራድ ሰነፍ ነበር የሚለውን ለቤተሰቡ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ልጄ እስካሁን ይስቃል። ባለቤቴ ብቻ ሳትስቅ «ታዲያ በደም የመጣ ነው ማለት ነው» አለችኝ።

እኛ ጋ ግን ወሬው ሌላ ነው። ጠቡ ስለ ቤቱ ነበር ይባላል። ቤቱ መጀመሪያ የቆመው ላይ ዳገቱ ጋ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ነበር አሉ። የመርከቡ ንግድ ሲደራ ሃይንሪሽ «ገበያው ታች ሆኖ እኔን ላይ ምን ጎለተኝ?» አለ። አፍርሶ በመሥራት ፈንታ ቤቱን እንዳለ ከነበራፉ ከነመስኮቱ ከመሠረቱ በክሪክ አነሣው፤ ግንድ ላይ አስቀምጦ በሬ ጠመደና ቁልቁል ያንከባልለው ጀመር። ኮንራድ ተቆጣ። «ውሃ ራሱ ወደ ቤት መምጣት ያውቅበታል፤ ቤት ወደ ውሃ መውሰድ ምን አመጣው?» አለ። በዚያው ተኳረፉ፤ ሳይታረቁም ተለያዩ።

ልጆቹ የሚወዱት ግን የዶሮቴያን ነው። እሷ በወንዶቹ ጠብ አልገባችም። ቤቱ ሲንከባለል ውስጥ ሆና ምድጃውን አንድዳ የባቄላ ሾርባ ትሠራ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ከቤቱ ጎን ጎን እየሄደ በመስኮት ሳህኑን ያቀብላታል፤ እሷም ትቀዳለታለች። ቤቱ ታች ደርሶ ሲቆም ድስቱ ባዶ ነበር ይባላል። አያቴ ይህን በነገረችኝ ቁጥር ሾርባው ይጣፍጣል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የድሮው መሠረት ድንጋይ ዛሬም ይኖር ይሆን? ካለ የእሱንም ፎቶ ቢልኩልኝ። እና ደግሞ፣ ይህ «እርስዎ» የሚባለው ነገር ይቅርብን። የሰነፍ ዘር ነኝና ማጎንበስ ይደክመኛል። «አንቺ» ልበልሽ?

ዘመድሽ ኤርቪኖ


ሳልቶ ቨርዴ
ማርች 6 ቀን 1973

ለተከበሩ ወይዘሪት አዴሊያ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን።

ሁለት ወር ሙሉ መልስ ስጠብቅ ከረምኩ። ፖስተኛው ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል። ባለቤቴ «አንቺ ልበልሽ ብለህ ጻፍክላት አይደል? የተከበረች ሴትዮ እንዲያ ይባላል?» ብላ ትወቅሰኛለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። ወይም ስለ ሃይንሪሽ የጻፍኩት ከፍቶዎት ይሆናል። ቀልድ ነው ያልኩት፤ አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ፎቶውም ይቅር፤ ስሙም ይቅር። ደህና መሆንዎን ብቻ በሁለት መስመር ቢያሳውቁኝ። በሬዲዮ ሚሲሲፒ ከወትሮው አስቀድሞ እየሞላ ነው ሲሉ ሰምቼ ልቤ አላረፈም።

ኤርቪኖ


ኖይ ብራክል
ማርች 19 ቀን 1973

ኤርቪኖ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

አልተቀየምኩም። አንቺ በለኝ፤ እኔም ይኸው አንተ ብዬሃለሁ።

አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ቤቱ ወደ ታች የወረደው ከአርባ አራቱ ውሃ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እናንተ ጋ ያሉትን ሽማግሌዎች ሁሉ ጠይቅ። እኛ ጋ የሚያውቅ የለም፤ ቤቱ መንቀሳቀሱን እንኳ የሰማ ሰው የለም። ለምን እንደፈለግኩት አሁን አትጠይቀኝ። ቶሎ መልስልኝ።

ካልታወቀም «አልታወቀም» ብለህ ጻፍልኝ። እንደሱ ቢሆን ይሻለኛል።

አልቪን ደህና ነው። ወንዙ እየመጣ ነው።

አዴሊያ


ሳልቶ ቨርዴ
ኤፕሪል 2 ቀን 1973

እህቴ አዴሊያ፣

እግዚአብሔር ይህን ወረቀት በጊዜ ያድርስልኝ። ዛሬ ጠዋት ቴሌግራም ልኬልሻለሁ፤ መድረሱን ስላላመንኩ ይህንንም እጽፋለሁ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ወደ አክስቴ ወደ ክላራ ሄድኩ። ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ዶሮቴያ ናት ያሳደገቻት። ጥያቄሽን ስነግራት «ምን ያለ ጥያቄ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ዶሮቴያ በአርባ አራቱ ውሃ ጊዜ ጀርመን አገር ዝይ የምትጠብቅ ትንሽ ልጅ ነበረች። ባሕር ተሻግራ ኮንራድን ያገባችው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። በሚንከባለለው ቤት ውስጥ ሾርባ የሠራችው ደግሞ የኮንራድ ሚስት ሆና ነው። ስለዚህ ቤቱ የወረደው በኋላ ነው፤ ከውሃው ብዙ ዓመት በኋላ።

ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ መጣሁ፤ መልስ አገኘሁላት ብዬ። ከዚያ ለምን እንደጠየቅሽኝ ሳስብ የኖቬምበሩን ደብዳቤሽን አወጣሁና ስለ መቃኑ የጻፍሽውን እንደገና አነበብኩት።

ሃይንሪሽ በራፉ ላይ ቆሞ ውሃው ጉልበቱ ድረስ ሲደርስ፣ በራፉ ያለው ዳገቱ ላይ ነበር። ቤቱ ሲወርድ መስመሩም በመቃኑ ላይ እንዳለ አብሮ ወረደ። እኔ በሳቅ ጻፍኩልሽ፤ አንቺ ያን ሁሉ ጊዜ ይህን ይዘሽ ብቻሽን ተቀምጠሽ ነበር።

አዴሊያ፣ ውጪ። አልቪንንም ይዘሽ ውጪ። ሰዉንም አስወጪ።

ኤርቪኖ


ኖይ ብራክል
ኤፕሪል 15 ቀን 1973

ወንድሜ ኤርቪኖ፣

ሰላም ላንተ፣ ለአክስትህ ለክላራም ረጅም ዕድሜ። ቴሌግራምህ ደርሶኛል። ነገሩን ከሥር ልንገርህ።

የሾርባውን ደብዳቤ ባነበብኩ በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ወጣሁ። እዚያ በልጅነታችን የሃይንሪሽ አትክልት ቦታ የምንለው አራት ማዕዘን ድንጋይ አለ። በረዶውን በመጥረጊያ ገፋሁት። ደረጃ ድንጋዩን አገኘሁ፤ መሃሉ በእግር ተበልቷል። ለአትክልት ቦታ ደረጃ የሚሠራ ሰው አላውቅም። እላዩ ላይ ቆሜ ወደ ታች ስመለከት የቤቴ ጭስ መውጫ ጫፉ ከእግሬ በታች ነበር።

ያኔ ልቤ አወቀው። ግን ለራሴ «ምናልባት ቤቱ የወረደው ከውሃው በፊት ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ መስመሩ ልክ ነው» አልኩት። ያቺን ምናልባት አቅፌ ከረምኩ። መልስ ያልጻፍኩልህ ለዚህ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው «መቃኑን እዩ፤ እደሩ» ስል ኖሬ አሁን ምን ብዬ አፌን ልክፈት? ያንተ ቴሌግራም ምናልባቴን ወሰዳት።

በማግስቱ ጠዋት ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። ውሃው ማረፊያውን አልፎ የአፈር ግድቡን እየላሰ ነበር። ጎንበስ እያሉ ነኩ፤ «ገና ነው» አሉ። ነገርኳቸው፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ደረጃው። ሾርባው ጋ ስደርስ ሳቁ። አልቪን ከሁሉ አብልጦ ሳቀ።

«አንድ የማናውቀው የብራዚል ሰው አያቴ ሾርባ ሠራች ብሎ ስለጻፈ ቤታችንን ጥለን እንሩጥ?» አለ።

«ደረጃውን ሄደህ እይ» አልኩት።

«ጉልበቴን ያመኛል። ደግሞ ሃይንሪሽ ጅል ነበር እንዴ? ታች ውሃ እንደሚውጠው እያወቀ ቤቱን ያወርዳል?»

«ጅል አልነበረም፤ ነጋዴ ነበር።»

«አንቺ አርጅተሻል» አለኝ። በሦስት ዓመት የማንሰው እኔን!

ሌሎቹም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ቆሽቴ አረረ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እነዚህ ሰዎች ቃል አያምኑም፤ መሐንዲስ አያምኑም፤ እኔንም እስከዚህ ነው የሚያምኑኝ። የሚያምኑት መቃኑን ነው። ስለዚህ ተነሣሁና ከሱቁ ግድግዳ ላይ መጋዝ አወረድኩ።

መቃኑ ጠንካራ የድሮ የባሉጥ እንጨት ነው፤ ክንዴን ጨረሰው። ከላይ ቆርጬ ከታች ስጀምር አልቪን ድምፁን ሰምቶ ከቤቱ መጣ። ከጎኔ ነው የሚኖረው። በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

«አዴሊያ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ያዝልኝ፤ ሊወድቅ ነው።»

«የአባቶቻችንን ምስክር ቆረጥሽ» አለ። ሳይዝልኝ ሄደ።

ፖስታ የሚያመላልሰው ቨርነን በመኪናው ወደ ላይ አወጣልኝ። ደረጃው ጥግ፣ ድሮ በቆመበት ላይ አቆምነው፤ በድንጋይ አስደገፍነው። ከታች ልክ ከወለሉ ጋር አስተካክዬ ነበር የቆረጥኩትና መስመሩ ጉልበቴ ላይ መጣ።

በማግስቱ ወንዶቹ ወደ ሱቁ መጡ። በሩ ጎኑ ተበልቶ ክፍቱን ቆሟል። «የት አደረግሽው?» አሉኝ። «ቦታው መለስኩት፤ መንካት የፈለገ ይውጣ» አልኳቸው። አንዱ ስድብ ጀመረ፤ ግን ሳይነኩት መዋል አይችሉም፤ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። አንድ በአንድ ጎንበስ ብለው ነኩ። ጎንበስ ያለ ሰው መቼም ቀና ይላል፤ ቀና ሲሉ ወንዙ ፊት ለፊታቸው ነው። እያንዳንዱ የራሱን ጣራ ፈለገ። ጣራው ያለው ከእግሩ በታች ነው። «ገና ነው» ያለ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ማንንም መለመን አላስፈለገኝም። ትራክተር የሌለው በእጅ ጋሪ፣ ጋሪ የሌለው በትከሻው፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ዶሮው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። አሁን የምጽፍልህ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነው። ሁሉም እዚህ ነው።

አልቪን ብቻ የለም። ዳገቱን ወጥቶ ለማየት እንኳ እምቢ አለ። ዕቃውን ከጠረጴዛ በላይ ሰቅሎ፣ ምንጣፉን ጠቅልሎ፣ ካርታውን ይዞ ፎቁ ላይ ተቀምጧል። በየቀኑ ወርጄ በሩን እመታለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ለሌላ ሰው ሲሆን ጥሩ አባባል ነው። ይሄ ግን ወንድሜ ነው። ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም።

አዴሊያ


ሳልቶ ቨርዴ
ሜይ 3 ቀን 1973

እህቴ አዴሊያ፣

የሰማይ አምላክ ከእናንተ ጋር ይሁን፤ ሌላ ሰላምታ አይመጣልኝም።

ሬዲዮው እናንተ አካባቢ ግድቦች ተጥሰዋል ይላል፤ የመንደር ስም ግን አይጠራም። ቴሌግራም ልኬ መልስ አላገኘሁም፤ መስመሩ ወድቋል አሉኝ። ልጄ ሞተር ሲያበላሽ እያየሁ ዝም ማለት ጀምሬያለሁ፤ እሱም ታመሃል ወይ ይለኛል። ባለቤቴ አልቪንን በስሙ እየጠራች ትጸልይለታለች። አይታው የማታውቀውን ሰው «ግትሩ አልቪን» ትለዋለች፤ እግዚአብሔር እንዳይሳሳት።

ፎቶ አልፈልግም፤ ስም አልፈልግም። ስለ ወንድምሽ ብቻ ጻፊልኝ።

ኤርቪኖ


ኖይ ብራክል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ
ሜይ 20 ቀን 1973

ወንድሜ ኤርቪኖ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ባለቤትህ የሚጸልዩት ጸሎት አድራሻውን አልሳተም፤ አመስግንልኝ።

የመጨረሻውን ደብዳቤ በጻፍኩልህ ሳምንት ማለቂያ ላይ ግድቡ ከሥሩ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። ወንዶቹ አልቪንን አስረው ሊያወጡት ተማከሩ። ተዉት አልኳቸው፤ ሲያስሩት ይሞትብናል። ምሳዬን በጨርቅ ቋጠርኩና ወረድኩ። በሩን አልመታሁም፤ በጓሮ ገባሁ፤ ፎቁ ላይ ወጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ምን ልትይ ነው?» አለኝ።

«ምንም። ካርታ ስጠኝ።»

«ውጣ ልትይኝ ነው የመጣሽው።»

«አይደለም፤ ላድር ነው የመጣሁት። አንተ ልክ ከሆንክ ጠዋት አብረን እንወርዳለን። እኔ ልክ ከሆንኩ ደግሞ አንተን እዚህ ትቼ ላይ ምን እሠራለሁ? ስጠኝ።»

ሰጠኝ። አንድ ዙር ተጫወትን። አሸነፈኝ፤ ደስ አላለውም። ሁለተኛውን ሲያድል እጁ ይዘገያል። ከታች ውሃው ወለሉ ላይ ሲገባ ተሰማን፤ ከጠረጴዛው እግር ጋር ሲጫወት። አልቪን ካርታውን አላየም፤ የእኔን ጫማ ነበር የሚያየው። እግሬ እንደሚያብጥ ያውቃል፤ ሮጦ የሚያመልጥ እግር አይደለም።

ከዚያ ተነሣ። እንዲህ ያለ ስድብ በጀርመንኛ መኖሩን እኔም አላውቅም ነበር። ክንዴን ይዞ በደረጃው አወረደኝ፤ ውሃው ውስጥ ደግፎ አወጣኝ፤ ዳገቱን ሙሉ ሲሰድበኝ ወጣን። «አላመንኩሽም፤ ስሚኝ፣ እስካሁንም አላመንኩሽም» ይላል። እኔም «አትመን፤ ብቻ ቀስ በል፤ እግሬ» እላለሁ። ዳገቱን ጨርሰን ብዙ ሳንቆይ ግድቡ ተጣሰ።

ውሃው የአልቪንን ፎቅ መስኮት ሸፈነው። የእኔ ቤት ግን የበሩን ጎን ስለቆረጥኩት ይሁን እንጃ ተነቅሎ ቀድሞ ሄደ፤ ሙሉ ቀን አንድ ዛፍ ላይ ተደግፎ አየነው፤ ከዚያ አላየነውም። አልቅሼለታለሁ፤ አልደብቅህም። ፎቶውን አትጠብቅ፤ ቀለም አልተቀባም። ላይ እኛ ጋ ግን ውሃው መስመሩ አጠገብ አልደረሰም፤ ደረጃውን እንኳ አልነካም። ሰባ ስድስት ሰው፣ አንድ ሳይጎድል፣ እዚህ አለን። ያ ወጣት መሐንዲስ መጥቶ ነበር። ማንም ጎንበስ በል አላለውም፤ ወንበር ሰጡት፤ ኮረብታው ላይ ያለውን ቦታ በጥንቃቄ አስለኩት።

አልቪንን ጠይቀኸኛል። ውሃው ቤቱን ሲወስደው ከእኛ ጋር ቆሞ አየ። እኔን ከዚያን ቀን ወዲህ አላናገረኝም። ለሰው ሁሉ «አታልላ አወጣችኝ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ምድር ቤቱን በአንሶላ ከፋፍለነዋል፤ የእሱ አልጋ ከእኔው አንሶላ ወዲያ ነው። ሾርባ ሳቀብለው ፊቱን አዙሮ ይቀበላል። ሰው ሊያስታርቀን መጣ፤ ተዉት አልኩ።

ያኩርፍ። ለማኩረፍም መጀመሪያ በሕይወት መኖር ያስፈልጋል። ይኸው አሁን ይህን ስጽፍልህ ከአንሶላው ወዲያ ያስላል፤ አልጋውን ያንቋቋዋል፤ ለራሱ ያጉተመትማል። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

እህትህ
አዴሊያ